ትሮምቦኑ ያወረደው የገና ዜማ

የፊት ጥርሱ የተሸረፈ ሰው ትሮምቦን መንፋት አይችልም ተብዬ ነው የተማርኩት። እኔ ግን በዕድሜዬ ከሰማኋቸው ነፊዎች ሁሉ ልቤን የነካኝ አንድ ጥርሰ ሸራፋ የአርዲቦ ገበሬ ነበር። ጥርሱን የሸረፈው ሩር ነው፣ በገና ጨዋታ በዱላ የሚመታው ያ ድንጋይ የሚያህል የእንጨት ኳስ። እስላም ሆኖ ገና መጫወቱን የሌላ አገር ሰው ሲሰማ ይገረም ይሆናል። እኛ ጋ ግን ሜዳው ላይ ሲወጡ ማንም የማንን ሃይማኖት አይጠይቅም፣ የሚጠየቀው የየትኛው ወገን መቺ እንደሆነ ነው። «ጋሼ፣ ጥርሴን የሰበረው የናንተ ሰው ነው፤ ይሄን ጡሩምባ ያስያዙኝም አንቱ ናችሁ። እንግዲህ ተካካስን» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

እኔ ወደ ሐይቅ ከተማ የተመለስኩት ለማረፍ ነበር። በንጉሡ ጊዜ በአንድ የጦር ክፍል የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ትራምፔት ስነፋ ኖሬ፣ ደረቴ ሲደክም አገሬ ገባሁ። ጠዋት ጠዋት ወደ ውኃው ወርጄ፣ የእስጢፋኖስን ደሴት መሳይ ጫካ እያየሁ ተቀምጬ፣ ማታ ሬዲዮዬን ሰምቼ ቀሪ ዕድሜዬን ልጨርስ አስቤ ነበር። ዘመኑ ግን ቁጭ ያለ ሰው አይወድም። «ሙያ አለህ» ተባልኩና ሳልጠየቅ የኪነት ቡድን አሠልጣኝ ሆንኩ። መሣሪያዎቹ ከደሴ በጆንያ ተጠቅልለው በጭነት መኪና መጡ፦ ሁለት ትራምፔት፣ ሆዱ የተረገጠ ባሪቶን የሚሉት ወፍራም ጡሩምባ፣ መጎተቻው መሃል ላይ የሚይዝ ትሮምቦን። ትልቁ ከበሮ ቆዳው ተቀዶ ስለመጣ የቀበሌው አዳራሽ ዘበኛ ልብስ ማስቀመጫ አደረገው።

ነፊዎቹ አራት ነበርን። አንደኛውን ትራምፔት እኔ፣ ሁለተኛውን የትምህርት ቤቱ የስፖርት አስተማሪ፣ ባሪቶኑን የአምባሰል ሰው የሆነ አንድ አናጢ፣ ትሮምቦኑን እሱ፣ ያ ጥርሰ ሸራፋ። የትራምፔቶቹን መርገጫ በስፌት መኪና ዘይት፣ የሱን መጎተቻ በሳሙና እያለሰለስን፣ ድሮ የአንድ ባላባት እህል ማከማቻ በነበረው የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ከሰዓት በኋላ እንለማመድ ነበር። ግድግዳው አሁንም ጤፍ ጤፍ ይሸት ነበር። ይህ ሽታ በተራበ ሆድ ላይ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከሰባ ሰባቱ ድርቅ ወዲህ የማናችንም ሳንባ እንደ ቀድሞው አልነበረም። አናጢው ረጅም ድምፅ ይዞ ቆይቶ ሲለቅ ዐይኑ ስር ይጠቁራል። ስፖርት አስተማሪው ተማሪዎቹን «ሩጡ» እያለ እሱ ጥላ ስር የሚቀመጥ ሰው ሆኖ ነበር።

የምንነፋው ሰልፍ ነበር። ለአብዮት በዓል ሰልፍ፣ ለሠራተኞች ቀን ሰልፍ፣ እንግዳ ሲመጣ ሰልፍ፣ እንግዳ ሲሄድ ሰልፍ። ሰው ወደ ስብሰባ የሚነዳው በእኛ ጡሩምባ ስለነበር ስንነፋ ፊቱን አጨፍግጎ ያየናል፤ አልፈርድበትም። ሙዚቃ በጣም ሰልችቶኝ ነበር። ሚስቴ «እንዲህ ከጠላኸው ለምን አትተወውም?» ስትለኝ ወሬ እለውጣለሁ። መልሱ ግን አንድ ሰው ነበር።

የኪነት አባል ለውትድርና አይወሰድም ነበር። ይህ የተጻፈ ሕግ መሆኑን እንጃ፤ ብቻ እኛ ከተማ እስከዚያ ድረስ እንደዚያ ሲሠራበት ነበር። እኔና አናጢው ዕድሜያችን አልፏል፤ አስተማሪውን መንግሥት ለትምህርት ቤቱ ይፈልገዋል። ዕድሜው ልክ የሆነው፣ ጤነኛውና የሚፈለገው ትሮምቦን ነፊው ብቻ ነበር። እሱ ደግሞ ሚስቱ አርግዛለች። በድርቁ ጊዜ ወደ አፋር በረሃ ወርዶ ጥጥ ሲለቅም የመጀመሪያ ልጁ ተወለደ፤ ሲመለስ ልጁ ተቀብሮ ቆየው። መልኩ ማንን እንደሚመስል እንኳ የነገረው ሰው የለም፤ እሱም አልጠየቀም። ይህን የነገረኝ አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ የሳሙናውን ውኃ እየደፋ ነው። «ጋሼ፣ ይሄኛውን ብቻ አይቼው ልሂድ። ከዚያ ወዲያ አሏህ ያለውን ያርገኝ» አለኝ። «አይዞህ» አልኩት። አይዞህ ማለት ያኔ ሰው የሚያወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር።

ኅዳር ላይ የባህል ክፍል ኃላፊው ጠራኝ። የአምባሰል ልጅ ነው፤ ሥልጣን ሳይዝ ጥሩ ሩር መቺ እንደነበር ይነገራል። ያኔ ግን ሆዱ ከቀበቶው በላይ ወጥቶ፣ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ወንበሩ ነበር የሚያዝነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚፈራ ሰው ነበር።

«ከጥምቀት በኋላ የኪነት ውድድር አለ። ከላይ እንግዳ ይመጣል» አለኝ። «ሰልፉን ሁሉም ይነፋዋል። አዲስ ነገር፣ ከሕዝቡ የወጣ ነገር ካላመጣችሁ መሣሪያው ወደ ደሴ ይመለሳል፤ ቡድኑም ይበተናል። ነግሬሃለሁ።»

«ሰዎቹስ?»

«የትኞቹ ሰዎች?» አለኝ። የትኛውን እንደምል በደንብ ያውቃል። ከዚያ ዐይኑን ወደ መስኮቱ መለሰና «ሰዎቹ ወደ የቀበሌያቸው ይመለሳሉ» አለ።

ወደ የቀበሌያቸው ይመለሳሉ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለልጅ እንኳ ግልጽ ነበር፤ ለውትድርና ሰው የሚለቅመው ቀበሌው ነው።

አዲስ ነገር ከየት ይመጣል? ለአንድ ሳምንት ያህል የማውቀውን ዘፈን ሁሉ በአእምሮዬ ገለበጥኩ። የፍቅሩ ለዘመኑ አይሆንም፣ የጀግንነቱን ሁሉም ቡድን ያቀርበዋል፣ መንዙማና መዝሙር የሚታሰብ አይደለም። ዜማውን ያገኘሁት እኔ አይደለሁም፣ ሳይታወቀው የወጣው ከሱ ነው። አንድ ቀን መጎተቻውን ሳሙና ቀብቶ እላይ ታች እያደረገ ሲሞክር የገናን አውራጅ ጥሪ ነፋ፤ እኛ አገር ሁለቱ ወገን ሜዳ ላይ ሲገናኙ አንዱ የሚያወርዳት፣ ሌላው የሚቀበላት ያቺን። ወቅቱ አዝመራ የሚሰበሰብበት ስለነበር ሰው ሁሉ አፉ ላይ ነበረች። አናጢው ባሪቶኑን ከጭኑ ሳያነሣ በአፉ ተቀበለው። ስፖርት አስተማሪው እግሩን መታ። እኔ ብዕሬን አነሣሁ።

ኃላፊው ዘንድ ሄጄ ስነግረው ፊቱ ቀላ። «ገና? ገና የሚባል ነገር አልሰማሁም» አለ።

«ቃል የለውም እኮ። ዜማ ብቻ ነው። የገበሬ ጨዋታ ነው።»

ጥቂት አሰበና «እሺ፤ ‹የገበሬዎች የድል ጨዋታ› በሉት። አንዲት ቃል እንዳትወጣ። ቃል ከወጣ እኔ የለሁበትም» አለኝ። እኔም ለጡሩምባ ቃል ምን ያደርግለታል ብዬ ተስማማሁ።

የገናን ዜማ ለአራት ጡሩምባ ማዘጋጀት ከውጭ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ዜማው አጭር ነው፤ አውራጁ ይጠራል፣ ተቀባዩ ይመልሳል፣ በቃ። ወረቀት ላይ በማስመሪያ መስመር አስምሬ፣ ሃያ ዓመት የለመድኩትን ነገር ሠራሁ። ዜማውን ለራሴ ሰጠሁት፤ ለሁለተኛው ትራምፔት ከስሩ የሚሄድ ድምፅ ጻፍኩለት፤ ባሪቶኑ «ቡም ቡም» ይላል፤ ትሮምቦኑ መሃሉን ይሞላል። ነፋነው። ነፍተን ስንጨርስ አናጢው «ጋሼ፣ ይሄ ገና ነው ወይስ ሚኒስትር መጣ?» አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔ ተናድጄ ወረቀቱን ቀደድኩት፤ ወረቀት ደግሞ በቀላሉ አይገኝም ነበር።

በሁለተኛው ሙከራ ፍጥነቱን ለወጥኩ። የሰልፍ እርምጃ ወጣለት፣ ዜማው ግን ሞቶ ቀረ። ለምን እንደሞተ ለማወቅ ብዙ ደከምኩ። የእኛ ገና በአምባሰል ቅኝት ነው የሚሄደው። አምባሰል የሚታወቅበት አንዲት ጠባብ እርምጃ አለች፣ ከመነሻው ድምፅ ብድግ ብላ ወዲያው የምትመለስ። ሆድ የምታባባው እሷ ናት። እኔ እዚያ ላይ የጦር ክፍሉን ዓይነት ሁለተኛ ድምፅ ስደርብባት ትጠፋለች፣ የሚሰማው የሌላ አገር ዜማ ይሆናል። ሌላው ችግር ትራምፔቱ ራሱ ነው። መርገጫውን ተጫንክ፣ ድምፁ እዚያው ቆመ፤ ትንሽ ላንሸራትት ብትል አይሰማህም። አውራጅ ግን ድምፁን ቆሞ አይጠራም፣ እያንሸራተተ ነው። ከአራታችን መሣሪያ ማንሸራተት የሚችለው ትሮምቦኑ ብቻ ነው።

ስለዚህ ዜማውን ከራሴ ነጥቄ ለሱ ሰጠሁት። ትንሽ ከፍቶኛል፤ አንደኛ ትራምፔት ሆኖ የኖረ ሰው መቀበል አይወድም። ግን ሌላም ሐሳብ ነበረኝ። አውራጁ እሱ ከሆነ፣ ያለሱ ቡድኑ አንዲት ድምፅ ማውጣት እንደማይችል የሚያይ ሁሉ ያየዋል። ማንም «ይሄ አንዱ ቢጎድል ምን አለ» እንዳይል ፈልጌ ነበር። ለሱም ነገርኩት። «አብሽሩ ጋሼ፣ እኔ አወርደዋለሁ፤ አንቱ ብቻ ተቀበሉኝ» አለ።

አሁንም አንድ ነገር ይጎድል ነበር። የጻፍኩት ንጹሕ ነው፤ እሱ ይጨርሳል፣ እኛ እንጀምራለን። በጣም ንጹሕ በመሆኑ ቢሮ ይመስላል። በገና ዕለት ከሰዓት በኋላ ወደ ሐይቁ በሚወስደው ሜዳ ወረድኩ። ቀበሌው ሆን ብሎ ለዚያ ቀን የእርከን ሥራ ስለጠራ ሜዳው ላይ የነበረው ሰው እንደ ድሮው አልነበረም። ጎረምሶቹ ቀንሰዋል፤ የት እንዳሉ ሁሉም ያውቃል። ዱላ የያዙት አብዛኞቹ ጎልማሶችና ሽማግሌዎች ነበሩ፤ እየወደቁ፣ ጉልበታቸውን ይዘው እየተነሡ ይመታሉ። አዘንኩ። እዚያ ቆሜ በጆሮዬ ስይዝ ግን የጎደለኝን አገኘሁት። ተቀባዮቹ አውራጁ እስኪጨርስ አይጠብቁም። ሩር እያሳደዱ ስለሚሮጡ ትንፋሻቸው ሲመጣ ይገባሉ፤ የሱ መጨረሻ በነሱ መጀመሪያ ስር ይሰጥማል። ደግሞም የሚያወርደው ያሸነፈ ወገን ነው፤ ያሸነፈ የፈለገውን ሰው፣ ባላባትም ይሁን ዳኛ፣ በግጥም ይነካዋል፤ የተነካው አይቆጣም። ቢቆጣ ሰው ይታዘበዋል። ያን ቀን አንዱ ሽማግሌ የቀበሌውን ሊቀ መንበር ነካው፤ ሊቀ መንበሩም እየተቅለሰለሰ ሳቀ።

ወደ ቤት ተመልሼ አዲስ ጻፍኩ። ትራምፔቶቹ በትሮምቦኑ ጥሪ መሃል ይገባሉ። ባሪቶኑ ዜማም አጃቢም አይደለም፣ እንደሚሮጥ ሰው ትንፋሽ አጭር አጭር ይላል። ሁለተኛ ድምፅ የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም የሚነፋው ያችን አንድ ዜማ ነው፣ በየራሱ ሰዓት። ተምሬ በመጣሁበት ቦታ ይህን ባቀርብ ያባርሩኝ ነበር። ስንነፋው አናጢው ጉንጩን እየጠረገ «እንዲህ ነው እንጂ» አለ። ከብዙ ዘመን በኋላ ስነፋ ያልደከመኝ ያን ዕለት ነው። ጉንጬ ቢዝልም ደስ ብሎኝ ነበር።

የውድድሩ ቀን አዳራሹ ጢም አለ። ገበሬ ማኅበሩ፣ የሴቶች ማኅበሩ፣ የወጣቶቹ፣ ሁሉም ተጠርቶ ነው የመጣው፤ ሳይጠራ የሚመጣ አልነበረም። ፊት ለፊት ቀይ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ ላዩ ላይ ለስላሳ መጠጥ። ከላይ የመጣው እንግዳ መሃል ተቀምጧል፤ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፣ የእኛ አገር ሰው ያልሆነ። ጎኑ ኃላፊያችን ላቡን እየጠረገ ነው። ከእኛ በፊት የነበሩት ሁሉ ሰልፍ አቀረቡ። ሕዝቡ አጨብጭብ ሲባል ያጨበጭባል፣ አቁም ሲባል ያቆማል። ብዙዎቹ ዐይናቸው ክፍት ሆኖ እንቅልፍ የወሰዳቸው ይመስሉ ነበር።

«ቀጥሎ፣ የገበሬዎች የድል ጨዋታ» ተባለ።

እሱ ተነሣ። ከንፈሩን አረጠበ፣ ትሮምቦኑን አነሣና ጠራ። በዚያች የተሸረፈች ጥርስ በኩል የምትወጣ ትንሽ ፉጨት ነበረችው፤ እሷ ነበረች ሰው ሰው የምታሰኘው። እኛ ተቀበልን። ሁለተኛ ጠራ። ስንቀበል ከኋላ የሆነ ጉርምርምታ ሰማሁ፤ ወንበር የሚያንቀሳቅሱ መስሎኝ ነበር። ሦስተኛ ሲጠራ ግን የእኔን ትራምፔት ራሴ አልሰማሁትም። አዳራሹ በሙሉ ተቀበለው።

ይህን አራታችንም አላሰብነውም። ቃሉን አውጥተን ጣልን፣ ስሙን ቀየርን፣ ተቀባዩን በትራምፔት ተካን፤ የሐይቅ ሰው ያችን ጥሪ ሰምቶ አፉን ይዞ መቀመጥ እንደማይችል ግን ከአራታችን አንዱም ትዝ አላለውም። እኛ ራሳችን እኮ ስንጀምር አናጢው በአፉ ነበር የተቀበላት። ከነቁ በኋላ ማን ያቆማቸዋል? ሴቶቹ አጨበጨቡ፤ የገበሬ ማኅበሩ ሰዎች ተነሥተው በዱላቸው ወለሉን መቱ። እኔ ለሱ በዐይኔ «አቁም» አልኩት። ዐይኑን ጨፍኗል። ከኋላ በኩል የአንድ ጎልማሳ ድምፅ፣ በትሮምቦኑ ጥሪ ላይ ተንጠልጥሎ፣ እንዲህ ብሎ አወረደ፦

«ስብሰባ ስብሰባ ሲሉን የከረሙ፣
ዛሬ ሩር ሲመጣ ምነው ዳር ላይ ቆሙ?»

አዳራሹ በሳቅና በእልልታ ፈነዳ። ማንን እንደሆነ ያልገባው አልነበረም፤ ሁሉም ዐይን ቀዩ ጠረጴዛ ላይ ነው። ዜማው አለቀ። እሱ ትሮምቦኑን አውርዶ ዐይኑን ገለጠ፣ ሰውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ፊቱ አመድ ሆነ። እኔ አለቀልን አልኩ በልቤ። ሚስቱ ያን ጊዜ ሆዷ ገፍቶ ነበር።

እንግዳው ሳቅ አላለም። ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «ይሄን ያወረደው ማነው?» ሲል ጠየቀ። ግጥሙን ያለውን ሰው መፈለጉ ነበር፤ እኛ ጋ ግን አውራጅ ሲባል ዜማውን የጀመረው ነው። እሱ ትሮምቦኑን እንደያዘ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዶ «እኔ ነኝ ጓድ» አለ። እኔም ሳላስበው ተነሥቼ «ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ» አልኩ። ሁለታችን ጎን ለጎን ቆምን።

ያኔ ኃላፊያችን ተነሣ። የሚፈራ ሰው ነው ብያለሁ። ግን ሕዝቡ የሚያየው እንግዳውን አይደለም፣ እሱን ነው። የአምባሰል ልጅ ነው፤ በገና ዜማ ተነክቶ ልቆጣ ቢል ከዚያ ወዲያ በዚያ አገር ምን ብሎ ይራመዳል? ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ መሳቅ ጀመረ። መጀመሪያ የውሸት ሳቅ ነበር፣ በኋላ የእውነት ሆነ። ወደ እንግዳው ዞሮ «ጓድ፣ ይህ የእኛ አገር ሕዝብ ሂስ የሚያቀርብበት ባህላዊ ዘዴ ነው» አለ። «ሂሱን ተቀብያለሁ። እኔ ዳር ቆሜያለሁ፤ ስህተት ነው። ግለ ሂስ አደርጋለሁ።»

እንግዳው መነጽሩን አወለቀ፣ አደረገ። ሂስ የሚባለውን ነገር አልቀበልም ማለት አይችልም፤ እሱ ራሱ ሲያስተምረው ነው የኖረው። በመጨረሻ ራሱን ነቀነቀና አጨበጨበ። ሕዝቡ ደግሞ ሳይባል አጨበጨበ።

አልተሸነፍንም፣ አላሸነፍንም። ቡድኑ ለጊዜው ይቆይ ተባለ። እኔ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ተኛሁ። የደስታ እንቅልፍ ነው ብል እዋሻለሁ። አንድ ሰው ቤቱ እንዲቆይ ያን ያህል መንፋት፣ ያን ያህል መፍራት የሚያስፈልግበት አገር መኖር ደክሞኝ ነበር።

ሚያዝያ ላይ ትሮምቦን ነፊያችን ከልምምድ ቀረ። በማግስቱ ከአርዲቦ ሽቅብ ቁልቁል እየሮጠ መጥቶ አዳራሹ በር ላይ መቃኑን ይዞ ቆመ። «ሴት ናት፤ አልሐምዱሊላህ፣ ሴት ናት» አለ። አናጢው ሊስመው ተነሣ። ያን ዕለት ምንም አልተለማመድንም።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ጊዜ ሳስበው አጭር ይመስለኛል። ልጅቷን አንዳንዴ አዝሎ ይመጣል፤ እሱ ሲነፋ እሷ ከበሮ አልባው ጥግ ላይ በጋቢው ተጠቅልላ ትተኛለች። ትሮምቦን የማይቀሰቅሳት ልጅ ናት ይል ነበር። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ኃላፊያችን ተዛወረ፤ ለምን እንደሆነ የነገረን የለም። በኅዳር በገበያ ቀን አፈሳ ሆነ። ከየመንገዱ አፍ ታጣቂ ወጥቶ ወንድ ወንዱን ለየ። እሱ የጤፍ ጆንያ ትከሻው ላይ ነበር፤ ከነጆንያው ወሰዱት።

የታፈሱት ወደታጎሩበት ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ ሮጥኩ፤ ሮጥኩ እንኳ አይባልም፣ በዚህ ደረት። ዘበኛው አላስገባኝም። አዲሱን ኃላፊ አግኝቼ «የኪነት አባል ነው፤ ትሮምቦን ነፊያችን ነው» አልኩት። ቀና ብሎም አላየኝም። «ግንባር ላይም ይነፋል» አለኝ። በሽቦው አጥር በኩል ሄድኩ። ብዙ ሰው መሬት ላይ ተቀምጧል። አየኝና ተነሣ፣ እንዲቀመጥ ጮኹበት። «ጋሼ፣ መጎተቻውን ሳሙና ቀቡት፤ እንዳይዝ» አለኝ ከሩቅ። እሺ አልኩት።

መንግሥቱ የወደቀ ጊዜ፣ የተበተነው ጦር ከሰሜን በእግሩ በሐይቅ አቋርጦ ወደ ደሴ ለብዙ ቀን ሲፈስ ቆየ። ጫማ የሌለው፣ እግሩን በጨርቅ የጠቀለለ፣ ውኃ የሚለምን። ሚስቱ ልጅቷን ይዛ ከአርዲቦ እየወረደች መንገድ ዳር ትቆማለች። እኔም እየሄድኩ አጠገቧ እቆማለሁ። ሰው ሁሉ እሱ ይመስለናል፤ ቁመቱ፣ አረማመዱ። ሰልፉ ሳስቶ ሳስቶ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መንገዱ ባዶ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የመጣ የለም፤ እሱም አልመጣም።

ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ነበር። «ላድነው አልቻልኩም እቴ። ሁሉም ከንቱ ልፋት ሆነ» አልኳት። ነጠላዋን አስተካከለች፤ አላለቀሰችም። ልጅቷ አቧራው ላይ በጣቷ ትጫጫራለች።

«እንዲያ አትበሉ ጋሼ» አለችኝ። «የመጀመሪያው ወንዱ ሲወለድ፣ አባት ለልጁ ጆሮ ላይ የሚለውን አዛን ያለለት አጎቱ ነበር። ለሷ ግን ራሱ ነው ያለላት። ሁለቴ አቋርጦ በሦስተኛው ጨረሰው። እሷም ዐይኗን ከፍታ አየችው።»

ተነሣን። አቀበቱ ለልጅቷ ይከብዳታል ብዬ ጎንበስ አልኩና ጀርባዬን ሰጠኋት።